አሰልጣኙን ከመምረጣችሁ በፊት ልምምዱን ቁጠሩ

ከጎንደሯ አዘዞ የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ከጓደኞቼ ጋር ቡና እየጠጣን የዋሊያዎቹ ቀጣይ አሰልጣኝ ማን ይሁን የሚል ነገር ተነሳና ልንጣላ ደረስን። አንዱ ‹የውጭ ሰው ካልመጣ ለውጥ የለም› ይላል። አንዱ ‹ውበቱ አባተ ይመለስ› ይላል። ሦስተኛው ‹የከተማችንን ክለብ ፋሲል ከነማን ያሰለጠነ ሰው ካልሆነ አልደግፍም› ብሎ ተነሥቶ ሄደ። እርስዎ በሙያው ውስጥ ስላሉ ይፍረዱን።»

ፍርዱን አስቀድሜ ልስጥህ፣ ሙግቱ ይከተላል። እኔ ድምፅ ቢኖረኝ የሀገር ውስጥ አሰልጣኝ ነው የምመርጠው። ከሀገር ውስጦቹም የራሱ ሜዳ የሌለው ቡድን ይዞ ማጣሪያ ያለፈ ሰው ባገኝ ደስ ይለኛል። ስም ጥራ ካልከኝ፣ ፈቃዱ ከሆነ፣ ከዚህ በፊት ይህንኑ ቡድን የያዘው አብርሃም መብራቱ እላለሁ። እዚህ ላይ የደረስኩበት መንገድ ግን ከእናንተ ክርክር ይለያል። ዓመቶቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ከስፖርት ዘገባ ጋር ስታስተያይ እንዳይምታታብህ።

እናንተ የተጨቃጨቃችሁት ጎበዝ አሰልጣኝ ማን እንደሆነ ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህ ሰው ስንት ቀን ያገኛል የሚለውን ነው። የክለብ አሰልጣኝና የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። የክለቡ ሰው ልጆቹን በየቀኑ ያገኛቸዋል፤ ዛሬ ያልገባውን ነገ ያስረዳዋል፣ ዘንድሮ ያልበሰለውን ለከርሞ ያቆየዋል። የብሔራዊ ቡድኑ ሰው ግን እንግዳ ተቀባይ ነው። ልጆቹ ይመጡለታል፣ ሳይጠግባቸው ይሄዱበታል።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ፊፋ ለብሔራዊ ቡድኖች የሚለቀው ጊዜ እንደተለመደው ዘጠኝ ወይም ዐሥር ቀን ነው፤ በዚያ ውስጥ ሁለት ጨዋታ ይደረጋል። ሰኞ ተጫዋቾች ይሰበሰባሉ። ቅዳሜ ወይም እሑድ ለክለቡ ዘጠና ደቂቃ የሮጠ ልጅ ሰኞ ምንም አታስተምረውም፤ ጡንቻውን ያፍታታል፣ ይታሻል፣ ይተኛል። ማክሰኞ አንድ ደህና ልምምድ ይሠራል። ረቡዕ አውሮፕላን። ኀሙስ ማምሻውን ጨዋታው በሚደረግበት ሜዳ ላይ አንድ ቀለል ያለ ልምምድ፣ ዓርብ ጨዋታ። ቅዳሜ ማገገሚያ፣ እሑድ እንደገና መንገድ፣ ሰኞ ልምምድ፣ ማክሰኞ ጨዋታ፣ ከዚያ ቸር ሰንብቱ። ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ላብ የሚያወጣ ልምምድ ሁለት ብታገኝ ነው። ጠቅላላው ቢቆጠር አራት አይሞላም።

ስለዚህ «አዲስ አጨዋወት አመጣለሁ፣ ቡድኑን ከሥር እገነባለሁ» የሚል እጩ ሲመጣ እኔ እጠራጠራለሁ። በምን ቀን?

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። ጎንደር ውስጥ ታዳጊ ማሰልጠን ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። አንድ ጊዜ ከየሰፈሩ የተመረጡ ከ17 ዓመት በታች ልጆችን ለአንድ ውድድር እንዳዘጋጅ አራት ቀን ተሰጠኝ። እኔ ደግሞ ያኔ ከአንድ የአሰልጣኞች ሥልጠና መመለሴ ነበር፤ ጭንቅላቴ በአዲስ ነገር ሞልቷል። ከበረኛው ጀምረን ኳስ መሥርተን እንውጣ አልኳቸው። በሦስት ቀን ውስጥ ግራ ተከላካዩ የት ይቁም፣ አማካዩ መቼ ወደ ኋላ ይውረድ፣ ሁሉንም አስተማርኩ ብዬ አስቤአለሁ። ጨዋታው ተጀመረ። በረኛችን ቀጭን የማራኪ ሰፈር ልጅ ነበር፤ ኳሱን እግሩ ሥር አቁሞ ወደ ሜዳው ሳይሆን ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ለማን?» አለኝ፤ ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ለማን እንደሚሰጥ እስክነግረው ድረስ የእነሱ አጥቂ ደርሶ ነጠቀው። አንድ ለዜሮ። ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ያው ነገር ተደገመ። ሦስት ለዜሮ ተሸንፈን ወጣን።

ልጁን አልተቆጣሁትም፤ ጥፋቱ የኔ ነበር። የሦስት ወር ትምህርት በሦስት ቀን አጉርሼው አነቀው። ለሁለተኛው ጨዋታ የቀረን አንድ ልምምድ ነበር። ሁሉንም ነገር ትቼ የማዕዘን ምት ብቻ አሠራሁ። ሜዳው ላይ አምስት ድንጋይ አስቀምጬ እያንዳንዱ ከየትኛው ድንጋይ ተነሥቶ ወደየት እንደሚሮጥ አሳየሁ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ይኸው ነበር። አንድ ለአንድ ወጣን፤ ግቧም ከማዕዘን ምት ነበረች። ከውድድሩ ግን ወጥተናል፤ በአንድ ነጥብ ማን ያልፋል?

እንግዲህ የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ማለት ለእኔ ምን መተው እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ነው። ሃያ ሦስቱን ልጆች በትክክል ይመርጣል፣ ልጆቹ በክለባቸው የለመዱትን ነገር ሳያፈርስ ያገጣጥመዋል፣ በቆመ ኳስ፣ ማለት በማዕዘንና በቅጣት ምት ላይ ጊዜውን ያጠፋል፣ በእረፍት ሰዓት ሁለት ነገር ብቻ ይናገራል።

በዚህ ሚዛን ነው አብርሃምን የማየው። በኅዳር 2012 የሆነውን አስታውስ። ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ መጀመሪያ ማዳጋስካር ሄደን 1 ለ 0 ተሸነፍን። ከሦስት ቀን በኋላ ኮትዲቯር ባሕር ዳር ላይ ትጠብቀናለች። ከአንታናናሪቮ ተነሥተህ ጣና ዳር እስክትደርስ ያለውን መንገድ ቁጠረው፤ በመካከሉ ስንት ልምምድ ይኖራል? አንድም በቅጡ አይኖርም። እኔና ጥቂት ጓደኞቼ ከጎንደር በሚኒባስ ሦስት ሰዓት ያህል ተጉዘን ስታዲየም ገብተናል። ቀድመው አገቡብን። ከዚያ የእኛው የፋሲሉ ሱራፌል ዳኛቸው አቻ አደረገ፣ ሽመልስ በቀለ ጨመረ፣ 2 ለ 1 አሸነፍን። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ድምፁ የቀረ ሰው አልነበረም፤ አዲስ ዘመን ላይ ለሻይ ስንወርድ በምልክት ነበር የምናዝዘው። እኔ ያን ቀን የወደድኩት ቡድኑ ከሦስት ቀን በፊት በተሸነፈበት ነገር ላይ አለመጨነቁን ነው። ተጫዋች አልተበጠበጠም፣ አሰላለፉ ተገለባብጦ ልጆቹ ግራ አልተጋቡም።

ሁለተኛው ምክንያቴ የመን ነው። አብርሃም ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት የየመንን ብሔራዊ ቡድን ይዞ ነበር። ሀገሪቱ ጦርነት ላይ ነበረች፤ «በሜዳዬ» የሚሉትን ጨዋታ የሚያደርጉት ዶሃ ነበር። በመጋቢት 2010 ያ ቡድን ለእስያ ዋንጫ አለፈ፤ የመን ከተዋሐደች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ይህ ነገር ለምን ይገርመኛል? እኛም ለዓመታት ያው ሆነን ነበርና። በ2014 መጀመሪያ የባሕር ዳር ስታዲየም የካፍን፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ መስፈርት አላሟላም ተብሎ ከተዘጋብን በኋላ ለዓመታት «የሜዳችን» ጨዋታ ማለት አንድ ጊዜ ጆሃንስበርግ፣ አንድ ጊዜ ሊሎንግዌ፣ ሌላ ጊዜ ዳሬ ሰላም ወይም ሞሮኮ ነበር። ድሮ ጠላት አዲስ አበባ ሲመጣ ከኳሱ በፊት አየሩ ያስጨንቀው ነበር፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሁለተኛው አጋማሽ ለእነሱ ዳገት ነው። ያን ዳገት ለዓመታት አጥተን ቆይተናል። የምንፈልገው አሰልጣኝ ከሜዳ ውጭ መጫወትን እንደ ዕለት ሥራው የሚያየው ነው። በሀገራችን ከዚህ የበለጠ የተፈተነ ሰው ማን አለ?

አሉታውን አልደብቅህም። አብርሃም እኛን ይዞ ለአፍሪካ ዋንጫ አላለፈም። ናይሮቢ ላይ በኬንያ 3 ለ 0 ተሸንፈናል፤ ያን ቀን ቡድኑ ፈርሶ ነበር። በ2012 ማብቂያ ውሉ ሳይታደስ ሲቀር ብዙ ሰው አልጮኸም። እኔ ግን ያን ጊዜም የጀመረው ነገር ይቀጥል ካሉት ውስጥ ነኝ። የተከተለው ውበቱ በመጋቢት 2013 ቡድኑን ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያሳልፈው፣ በዚያ ማጣሪያ ውስጥ የኮትዲቯርዋ ሦስት ነጥብ የአብርሃም ነበረች። ይህን የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ጓደኞችህ። የውጭ ሰው ይምጣ የሚለው ልጅ አጉል ነገር አልተናገረም። ሚሉቲን ስሬዶዬቪች፣ ሚቾ የምንለው፣ ዩጋንዳን ከ39 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቃ ሰርቢያዊ ነው። ግን ሚቾ ወደዚያ ሥራ ከመግባቱ በፊት እዚሁ ቅዱስ ጊዮርጊስን አሰልጥኗል፣ ሩዋንዳን ይዟል፤ የቀጠናውን አየርና ሜዳ፣ የተጫዋቹን ጠባይ ለምዶ ነው የገባው። እንዲህ ያለ ሰው ከተገኘ ዜግነቱን አልጠይቅም። እኛ ያመጣናቸው ግን እንዲያ አልነበሩም። ኢፊ ኦኑራ በ2002 ማብቂያ መጥቶ ዓመት ሳይሞላው ሄደ። ቶም ሴንትፊት አምስት ወር ያህል ቆየ። ማሪያኖ ባሬቶ በ2006 ገብቶ በ2007 ወጣ፤ አንድ ዓመት ገደማ። የሦስቱ ዘመን ቢደመር ውበቱ ብቻውን የቆየበትን አያህልም። ይህ በሁለት በኩል የሚቆርጥ ነገር ነው። የውጭ ሰው አያዋጣንም ብሎ ለመደምደም በቂ ጊዜ ሰጥተናቸው አናውቅም። ደግሞም ጊዜ ለመስጠት አቅም ከሌለህ በዶላር የሚከፈለውን ሰው ለምን ታመጣዋለህ?

አንድ ትንሽ ነገር ግን እኔን ሁልጊዜ ወደ ሀገር ውስጥ ይመልሰኛል። እረፍት 15 ደቂቃ ነው። ልጆቹ ከሜዳ ወጥተው እስኪቀመጡ፣ ውኃ እስኪጠጡ፣ ሐኪሙ የተመታውን እስኪያይ አምስት ደቂቃ ይሄዳል። ለመመለስ ሦስት ደቂቃ ቀደም ብለህ ትነሣለህ። ለአሰልጣኙ የቀረው ሰባት ደቂቃ ነው። አስተርጓሚ ካለ ሦስት ተኩል። ያም ተርጓሚው ኳስ የሚያውቅ ከሆነ ነው፤ ካላወቀ «ወደ ውስጥ ግባ» የተባለው «ወደ ኋላ ተመለስ» ሆኖ ይደርሳል። በአህጉሩ የሀገር ልጆች ያደረጉትንም ተመልከት። በጥር 2014 ሴኔጋልን በአፍሪካ ዋንጫ ያነገሠው አልዩ ሲሴ ነው። በታኅሣሥ 2015 ሞሮኮን ለዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ያደረሰው ዋሊድ ረግራጊ ነው፤ ያውም ከተሾመ ሦስት ወር ገደማ ቢሆነው ነው። በ2016 ኮትዲቯር በኢኳቶሪያል ጊኒ 4 ለ 0 ተዋርዳ የውጭ አሰልጣኟን ስታሰናብት ምክትሉ ኤሜርስ ፋዬ ተረክቦ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣ። በውድድር መካከል ገብቶ ሜዳ ላይ የሚያስተምረው ምን ቀን ነበረው? ምክትል ስለነበር ግን ልጆቹን ያውቃቸዋል።

የእኛም ታሪክ ያንኑ ይላል። በ1954 ግብፅን አዲስ አበባ ላይ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሣ አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። በ1974 ሊቢያ ላይ ቡድኑን የመራው የዚያው ዋንጫ ተጫዋች መንግሥቱ ወርቁ ነው። ከዚያ 31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ጾም ነው። ጾሙን በ2005 ሰውነት ቢሻው ፈታው፣ በ2014 ውበቱ ደገመው።

ሰውነትን ዛሬ ብዙ ወጣት በቀልድ ነው የሚያነሣው፤ እኔ ግን ባርኔጣዬን አወልቃለሁ። ሱዳን ሄዶ 5 ለ 3 ተሸነፈ። አምስት የገባበት አሰልጣኝ ሌላ ቢሆን ተከላካዩን ሁሉ ይቀይር ነበር። ሰውነት የቆጠረው ያገባትን ሦስት ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ይበቃል፣ ድምሩ እኩል ሲሆን ከሜዳ ውጭ ያገባነው ይመዝናል አለና በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ግብ አለፈ። ደቡብ አፍሪካም ሲደርስ የዓመቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን በጎዶሎ፣ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጥቶበት፣ 1 ለ 1 ያዛት። ከዚያ በኋላ ለዓለም ዋንጫ የመጨረሻው የደርሶ መልስ ማጣሪያ ድረስ መሄዱን ማን ይረሳል? ናይጄሪያ ናት ያቆመችን።

በዚያው የዓለም ዋንጫ ጉዞ ላይ የሆነ አንድ ነገር አለ፤ ስለ ቀጣዩ አሰልጣኝ ስታወሩ ማንም ስለማያነሣው እኔ ላንሣው። ሰኔ 1 ቀን 2005 ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፍን። ምንያህል ተሾመ ግን ሁለት ቢጫ ነበረበት፤ በዚያ ቀን መሰለፍ አልነበረበትም። ፊፋ ሦስቱን ነጥብ ወስዶ ለቦትስዋና 3 ለ 0 አደረገላት። ምድቡን ለማለፍ ከመካከለኛው አፍሪካ ጋር እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ትንፋሻችንን ይዘን ቆየን። ካርድ የሚቆጥር፣ የፊፋን ደብዳቤ የሚያነብ፣ ፓስፖርትና ቪዛ የሚከታተል ሰው ነው የጠፋው። «ማናጀር» ሲባል እንግሊዝ ሀገር ሁሉንም የሚይዘው ሰው ነው፤ በእኛ ሀገር አሰልጣኝ ሌላ፣ ቡድን መሪ ሌላ ነው። አሰልጣኙን ለመምረጥ ስንት ወር እንጨቃጨቃለን፤ ቡድን መሪው ማን እንደሆነ ስሙን የምታውቅ ካለህ ጻፍልኝ።

ውበቱ ይመለስ ለሚለው ጓደኛህ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ በቴሌቪዥን ያየሁት ኳስ፣ ዋሊያዎቹ ሲጫወቱ ካየሁት ሁሉ ይበልጥብኛል። ዳዋ ሆቴሳ አገባ፣ ሽመልስ አገባ፣ ግብፆቹ በመጀመሪያው አጋማሽ የሚሮጡት ከኳሱ ኋላ ነበር። አሰልጣኛቸው ኢሃብ ጋላል ከጥቂት ቀን በኋላ ተሰናበተ። እዚያ ላይ ያየነው ልጆቹ በክለብ የለመዱትን አጭር ቅብብል ሳይፈራ ለብሔራዊ ቡድን ያመጣ አሰልጣኝ ነው። ያን ያህል ደፋር አሰልጣኝ አልነበረንም።

ችግሩ ጨዋታው ሲከብድ የታየው ነው። ጊኒ በመጋቢት 2015 በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቴ አሸነፈችን፤ መልክ ለመቀየር የተዘጋጀ ሁለተኛ እቅድ አላየሁም። በካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫም ከኬፕ ቨርዴ ጋር የእኛው የፋሲሉ ያሬድ ባየህ በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ወጣ። (ያን ቀን ጎንደር ላይ የነበረው ጸጥታ ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። ያሬድን የወቀሰ ሰው በሰፈሬ አልሰማሁም፤ ልጁን እናውቀዋለን።) በጎዶሎ 1 ለ 0 መሸነፍ ነውር የለውም። ቀጥሎ ካሜሩንን በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ቀድመን አግብተን 4 ለ 1 ስንሸነፍ ግን ኳስ መያዝ ብቻውን እንደማያድን ታየ። ውበቱ ይመለስ ከተባለ አልቃወምም። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እጠይቀው ነበር፦ በ70ኛው ደቂቃ አንድ ለባዶ እየመራህ ሰው ብታጣ፣ ቡድንህ ምን እንዲያደርግ ነው ያሠለጠንከው?

ያቺን ኬፕ ቨርዴን ሳነሣ አንድ ነገር ያበግነኛል። በጥር 2014 ያሸነፈን ቡድን አሰልጣኝ ቡቢስታ የሚባል የሀገሩ ልጅ ነው። በጥቅምት 2018 ያው ሰው፣ ያው ወንበር ላይ ሆኖ፣ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላትን የደሴቶች ሀገር ለዓለም ዋንጫ አሳለፈ። በዚህ መካከል እኛ ውበቱን ሸኝተናል፣ ገብረመድኅን ኃይሌን አምጥተን ሸኝተናል፣ መሳይ ተፈሪን ሾመናል። ከዚያ በፊትም ከሰውነት መሰናበት እስከ ውበቱ ሹመት ባሉት ስድስት ዓመታት ተኩል ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሣህሌ፣ ገብረመድኅን፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም ተፈራርቀዋል። አምስት ሰው! ኬፕ ቨርዴ በአውሮፓ የተወለዱ ልጆቿን ሰብስባለች፣ እኛ ያን ያህል የለንም፤ ልክ ነው። ሲሴም ግን በ2007 ተሹሞ ዋንጫውን ያገኘው በ2014 ነው፤ በመካከል ፍጻሜ ደርሶ ተሸንፏል፣ ሴኔጋል ግን አላባረረችውም። በአራት ልምምድ ቀን የሚሠራ ሰው ውጤቱ የሚታየው ዐሥር፣ ዐሥራ ሁለት ጥሪ ሲደራረብ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ማለት ነው ይህ። ፌዴሬሽኑ ውሉን ሲፈርም ከዚህ ያነሰ ከጻፈ ማንም ቢመጣ ለውጥ የለውም።

ስለ ምርጫ ደግሞ። አሰልጣኙ ተጫዋች አላየሁም የሚልበት ጊዜ አልፏል። ሊጉ ከ2013 ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰበ ነው የሚካሄደው፤ ክለቦች በጥቂት ከተማ ይሰፍራሉ፣ ጨዋታው በቴሌቪዥን ይታያል። ለእኛ ለጎንደሬዎች ይህ አሠራር ምሬት ነው፤ ፋሲል ከነማ በ2013 የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ሲወስድ በአፄ ፋሲለደስ ስታዲየም አንድ የሊግ ጨዋታ አላየንም፤ ዋንጫው እንግዳ ሆኖ ነው ወደ ከተማው የገባው። ለብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ግን በረከት ነው። አንድ ሆቴል ተቀምጦ በአንድ ሳምንት ብዙ የሊግ ክለብ ማየት ይችላል። ስለዚህ ስም ዝርዝሩ ሲወጣ ማንን ለምን እንዳስገባ ሊያስረዳ ይገባል፤ ዝርዝሩም የእሱ ብቻ መሆን አለበት። እኔ በዚያች ትንሽ የታዳጊ ቡድን እንኳ ከዝግጅቱ በፊት በነበረው ማታ ስልክ ተደውሎልኝ «የእገሌን ልጅ አትርሳው» ተብያለሁ። ልጁ መጥፎ አልነበረም፤ ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት፤ እንደ ፈሪ። ለአንድ ከተማ ቡድን እንዲህ ከተደወለ ለዋሊያዎቹ ስንት እንደሚደወል አስበው። እጩውን ለሥራ ስታነጋግረው ስልኩን የሚዘጋ ሰው መሆኑን ማወቂያ ዘዴ ባላውቅም፣ ከዚህ በፊት በሠራበት ክለብ ትልቅ ስም ያለው ተጫዋች አስቀምጦ ያውቃል ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

የቀረው ተነሥቶ የሄደው ጓደኛህ ነው። እሱን ሳገኘው እኔም ብዙ አልከራከረውም፤ ቀይና ነጭ ለባሽ ነኝ። ግን አስታውሰው፦ ውበቱ ፋሲልን ይዞ በ2011 በአንድ ነጥብ ዋንጫ አጥተናል፤ በ2013 ስዩም ከበደ ይዞ ወስደናል። ያን ጊዜ ጎንደር ፒያሳ ላይ ስንጨፍር የስዩምን የትውልድ መታወቂያ የጠየቀ ሰው ነበር? ዋሊያ የሚለው ስም ከእኛው ከስሜን ተራራ የወጣ ነው፤ እንስሳውን በዓይኑ ያየ የአዘዞ ልጅ ግን ስንት ነው? አሰልጣኙም ከየትም ቢወጣ ግድ የለኝም።

ውርርድ ካላችሁ እንዲህ አድርጉት። በሚቀጥለው የዋሊያዎቹ ጨዋታ ቡና ቤት ስትገቡ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። የእኛን የማዕዘንና የቅጣት ምት እያንዳንዱን ጻፉ፤ የተለማመዱት ይመስላል ወይስ ዝም ብሎ ወደ ሳጥን የተጣለ ነው? ከእረፍት መልስ ባለው የመጀመሪያ 15 ደቂቃ ምን እንደተቀየረ ጻፉ። በረኛው ኳስ ይዞ ወደ ወንበሩ ስንት ጊዜ እንደዞረም ቁጠሩልኝ። የሁለት ጨዋታ ወረቀት ከላካችሁልኝ፣ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ይቆይ ወይስ ይቀየር የሚለውን ያኔ በስም እነግራችኋለሁ። ያ የተቆጣውንም ልጅ ይዛችሁት ግቡ፤ ቡናውን እኔ እከፍላለሁ።